547 ወንበሮች፦ የምርጫ ክልል ወሰን በማን፣ መቼና በምን ሒሳብ ተሰመረ?

አዲስ አበባ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምትልከው 23 ሰው ነው። የምርጫ ክልሎቿ መለያ ቁጥር ግን እስከ 28 ይሄዳል። ቁጥሩ የተወረሰው ከተማዋ በ28 ወረዳዎች ተከፍላ ከነበረበት ዘመን ነው፤ አንዳንዶቹ ወረዳዎች ተጣምረው አንድ ምርጫ ክልል ስለሆኑ ወንበሩ 23 ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፣ ቀበሌዎች ታጠፉ፣ ወረዳዎች እንደ አዲስ ተቆጠሩ፣ ለሚ ኩራ ተጨምሮ ክፍለ ከተሞቹ 11 ሆኑ። የምርጫ ክልሎቹ ግን ከነቁጥራቸው ባሉበት ቆሙ። ስለዚህ መታወቂያው ላይ «ወረዳ 6» የተጻፈለት ነዋሪ ምርጫ ክልል 6 ውስጥ ነኝ ብሎ ቢያስብ ሊሳሳት ይችላል። ወረዳ 6 በየክፍለ ከተማው አለ፤ ምርጫ ክልል 6 ግን በከተማዋ አንድ ብቻ ነው።

በክልሎችም ያው ነው። የምርጫ ክልል እንደ ወረዳ ወይም እንደ ዞን አስተዳደር አይደለም። አስተዳዳሪ የለውም፣ በጀት አይያዝለትም፣ ምርጫ ሲደርስ ብቻ ቢሮ ይከፈትለታል። ሥራው አንድ ነው፤ የማን ድምፅ ከማን ጋር አብሮ እንደሚደመር መወሰን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ ምርጫ ክልል ከተወዳደሩት ውስጥ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። 30,000 ሰው ድምፅ በሰጠበት ቦታ አምስት ተወዳዳሪዎች ድምፁን ከተካፈሉት በ9,000 ድምፅ ፓርላማ መግባት ይቻላል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ መስመሩ አንድ ትልቅ ቀበሌ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል አሸናፊው ሊለወጥ ይችላል። የወሰን ጉዳይ የካርታ ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ የምርጫ ካርታ ከመነሻው ጀምሮ አንድ ሕመም አለበት፤ በሕዝብ ቁጥር እንዲሰመር በሕግ ይታዘዛል፣ ቁጥሩ ግን በጊዜው አይገኝም።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት በተቻለ መጠን 200,000 ነዋሪ በሚይዙ የምርጫ ወረዳዎች እንዲከፈል አዘዘ። ወሰናቸው ሁኔታው በፈቀደ መጠን የተስተካከለ፣ መሬታቸውም ሳይቆራረጥ የተያያዘ መሆን ነበረበት። እያንዳንዱ ወረዳ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሁለት እንደራሴዎች ይመርጣል። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ አንድ እንደራሴ ይጨመርለታል፤ ከ30,000ው በላይ ለሚኖረው ለየ50,000ው ደግሞ አንድ አንድ ይታከልለታል። 130,000 ነዋሪ ያለው ከተማ በዚህ ሒሳብ ሦስት የራሱ እንደራሴዎች ይኖሩታል ማለት ነው። ዕጩው በሚወዳደርበት ወረዳ ነዋሪና ባለንብረት መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ መሬት የሌለው ጭሰኛ ድምፅ ቢሰጥም ለመመረጥ በሩ ጠባብ ነበር። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ሲካሄድ 210 እንደራሴዎች ተመረጡ።

ሕጉ በአጻጻፉ ጥሩ ነበር፤ መያያዝን፣ መመጣጠንንና የከተማን ዕድገት ሦስቱንም አስቧል። ነገር ግን 200,000 የሚለው ልክ የተጻፈው አገሪቱ አንድም ጊዜ ሕዝቧን ባልቆጠረችበት ዘመን ነው። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ከወረዱ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ። በዘውዱ ዘመን ምርጫ በየአራት ዓመቱ አምስት ጊዜ ተካሂዷል፤ አምስቱም ጊዜ የወረዳዎቹ ሕዝብ ግምት ነበር። በደርግ ዘመን በሰኔ 1979 ዓ.ም. ለ835 መቀመጫ የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ በአንድ ፓርቲ ሥርዓት ውስጥ የተካሄደ ስለነበር የወሰኑ አሰማመር የማንንም ዕድል እምብዛም አልለወጠም።

አሁን ያለው ካርታ የመጣው በ1986 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ለሕገ መንግሥት ጉባኤ የተመረጡት 547 ነበሩ፤ በ1987 ግንቦት ለመጀመሪያው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ያው 547 ወንበር ቀረበ። ሁለተኛው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው ግን በጥቅምት 1987 ነው፤ ጉባኤው ከተመረጠ ከወራት በኋላ። የአፋርና የሶማሌ ሕዝብ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ተቆጠረ። መስመሩ ቀደመ፣ ቆጠራው ተከተለ። ችግሩ መቅደሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይታረም ነበር። ያልታረመ መሆኑ ነው ጉዳዩን ያከበደው።

እስከ 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የዘለቀው ድልድል ይህ ነው፦ ኦሮሚያ 178፣ አማራ 138፣ የቀድሞው ደቡብ 123፣ ትግራይ 38፣ ሶማሌ 23፣ አዲስ አበባ 23፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 9፣ አፋር 8፣ ጋምቤላ 3፣ ሐረሪ 2፣ ድሬዳዋ 2። ድምሩ 547።

ይህን በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው ሦስተኛው ቆጠራ ጋር ስናስተያየው የወንበሩ ክብደት ከቦታ ቦታ ምን ያህል እንደሚለያይ ይታያል። በቆጠራው የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን ነበር፤ ለ547 ሲካፈል ለአንድ ወንበር ወደ 135 ሺህ ሰው ይደርሳል። ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን ሕዝብ ስለነበራት አንድ ወንበር ወደ 152 ሺህ ሰው ይወክላል። በአማራ ክልል 17.2 ሚሊዮኑ ለ138 ሲካፈል ወደ 125 ሺህ ይመጣል። በደቡብ ወደ 121 ሺህ፣ በአዲስ አበባ ወደ 119 ሺህ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው በትግራይና በሶማሌ መካከል ነው። ሁለቱም በቆጠራው ከ4.3 እስከ 4.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው፤ አንዱ 38 ወንበር፣ ሌላው 23 ወንበር አለው። በትግራይ አንድ ወንበር ወደ 114 ሺህ ሰው ሲወክል፣ በሶማሌ ወደ 193 ሺህ ይወክላል። አፋር ወደ 174 ሺህ፣ ድሬዳዋ ወደ 171 ሺህ ናቸው። ዘግይተው የተቆጠሩትና አርብቶ አደር የሚበዛባቸው ሁለቱ ክልሎች በዚህ ሒሳብ ከባዱን ሸክም መያዛቸውን ልብ ይሏል።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ (ወደ 87 ሺህ) እና የሐረሪ (ወደ 92 ሺህ) ዝቅ ማለት ግን እንደ ስሕተት መታየት የለበትም። አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከነዚህም ውስጥ አነስተኛ ቁጥር ያላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ እንዲያገኙ ያዛል። የልዩ ውክልና ወንበር በሕዝብ ብዛት አይለካም፤ የተፈጠረውም በብዛት ቢለካ ድምፁ ጠፍቶ ለሚቀር ሕዝብ ነው። ስለዚህ ማነጻጸር ያለብን መደበኛውን ከመደበኛው ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላው ነገር የ550 ጣሪያ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ሕዝቡ ወደ 53.5 ሚሊዮን ስለነበር ለ100 ሺህ ሰው አንድ ወንበር ቢባል ወደ 535 ይመጣ ነበር፤ ከጣሪያው በታች ነው። በ1999 በዚያው ልክ ቢሄድ 740 ወንበር ያስፈልግ ነበር። ጣሪያው ግን በሕገ መንግሥት የተጻፈ ስለሆነ በተራ አዋጅ ከፍ አይልም። ወንበር መጨመር ስለማይቻል ማስተካከል ማለት ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 547ቱን ወንበር በ1999 ሕዝብ ብዛት ብቻ ብናደላድለው ኦሮሚያ ወደ 200፣ አማራ ወደ 128፣ የቀድሞው ደቡብ ወደ 111፣ ሶማሌ 33፣ ትግራይ 32፣ አዲስ አበባ 20፣ አፋር 10 ይደርሳቸዋል። የልዩ ውክልና ወንበሮች አስቀድመው ሲነሡ ቁጥሩ ትንሽ ይንሸራተታል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ኦሮሚያ፣ ሶማሌና አፋር ያገኛሉ፣ አማራ፣ ደቡብ፣ ትግራይና አዲስ አበባ ያጣሉ። በዚያ ላይ ቆጠራው ራሱ አከራካሪ ነበር፤ የአማራ ክልል ውጤት ከተጠበቀው በ2 ሚሊዮን በላይ ማነሱ ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር ጥያቄ አስነሥቷል። ማንም ወገን ባላመነበት ቁጥር ወንበሩን አይለቅም። ለዚህ ነው ተአማኒ ቆጠራ ከምርጫ ካርታው ሁሉ በፊት የሚመጣው።

ሕጉ የሚያዘው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። በአንቀጽ 103 መሠረት የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል። ውጤቱን ይዞ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የወሰን ረቂቅ ያቀርባል። የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቦርዱ በራሱ ሥልጣን መስመር አያንቀሳቅስም፤ የክልል መስተዳድሮችም አይችሉም። ይህ ሥርዓት መንግሥት የመሠረተው ፓርቲ ብቻውን ካርታውን እንዳይስል የታሰበ ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስቱም ደረጃዎች በመጀመሪያው ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ቆጠራ ከሌለ ረቂቅ የለም፣ ረቂቅ ከሌለ ውሳኔ የለም። 4ኛው ቆጠራ መካሄድ የነበረበት በ2010 ዓ.ም. ነበር። ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በጸጥታ ምክንያት እንደገና አራዘሙት፤ ቀጥሎ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው 6ኛው ምርጫም በአሮጌው ድልድል ሄደ።

ቆጠራው ተካሂዷል እንበል። ካርታውን መሥራት ከምን ይጀምራል? የልዩ ውክልና ወንበሮች መጀመሪያ ይነሣሉ፤ ለማን እንደሚገቡ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የቀረው ወንበር ለክልሎች በሕዝብ ብዛት ይደለደላል። እዚህ ላይ ቀሪ ይኖራል፤ አንድ ክልል 127.7 ወንበር ቢደርሰው ነጥብ ሰባቷ ወዴት ትሂድ? ለቀሪው አያያዝ አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ከሌለ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ወንበሮች የድርድር ይሆናሉ። ደንቡ ቁጥሩ ከመታወቁ በፊት መጻፍ አለበት፤ ከታወቀ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ማን እንደሚጠቀም እየታየ የሚጻፍ ነው።

ዋናው ራስ ምታት ያለው በክልሉ ውስጥ ነው። 610,000 ሕዝብ ያለው ዞን እንውሰድ። በ135 ሺህ ሲካፈል 4.5 ወንበር ይመጣል። አራት ቢሰጠው አንዱ ወንበር 152,500 ሰው ይይዛል፤ አምስት ቢሰጠው 122,000። ሦስተኛው መንገድ ከጎረቤት ዞን አንድ ወረዳ አምጥቶ መጨመር ነው፤ ሒሳቡ ይስተካከላል፣ ሰዎቹ ግን በቋንቋ፣ በገበያና በፍርድ ቤት ከማይገናኙት ሕዝብ ጋር ይመርጣሉ። መስመሩ ቀበሌን ቆርጦ እንዳያልፍ ማድረግም ያስፈልጋል፤ የምርጫ ጣቢያ የሚቋቋመው በቀበሌ ስለሆነ ቀበሌ የተቆረጠ እንደሆነ አንዱ ጎረቤት ከአንድ ዕጩ ስም ዝርዝር፣ ማዶ ያለው ከሌላ ዝርዝር ይመርጣል፤ የመራጮች መዝገብም ይቀላቀላል። ለዚህ ሥራ ጠቃሚው መሣሪያ ቆጠራ ጣቢያዎች የሚባሉት፣ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ የሚይዙ ትናንሽ ቦታዎች ካርታ ነው። እያንዳንዱ ቁጥሩ የታወቀ ስለሆነ አንዱን ጨምሮ ሌላውን ቀንሶ ሚዛን መጠበቅ ይቻላል።

ምን ያህል መበላለጥ ይፈቀዳል የሚለው ጥያቄ በቁጥር መመለስ አለበት። ብሪታንያ በዚህ ጠንካራ ነች። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጠቀሙበት ካርታ ሲሠራ የአንድ ምርጫ ክልል አማካይ 73,393 የተመዘገበ መራጭ ነበር፤ ከዚህ በ5 በመቶ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ይቻላል፣ ማለትም ከ69,724 እስከ 77,062። ከደንቡ ውጪ የሆኑት አምስት የደሴት ምርጫ ክልሎች ብቻ ናቸው። እኛ ጋ በትግራይና በሶማሌ መካከል ብቻ ከ114 ሺህ እስከ 193 ሺህ የሚዘልቅ ልዩነት እንዳለ አይተናል። የ5 በመቶ ደንብ ለአርብቶ አደር አካባቢ የሚሆን አይመስለንም፤ ርቀቱና የሕዝቡ መዘዋወር አይፈቅድም። ይሁን እንጂ 15ም ይሁን 20 በመቶ፣ የተጻፈ ገደብ መኖር አለበት፤ ገደብ ካልተጻፈ መበላለጡ በዝቷል ብሎ ለመክሰስ መነሻ አይኖርም።

መስመሩ ሳይነካ በሥሩ ያለው አስተዳደር ሲለወጥ የሚፈጠረው መደናገር ደግሞ ሌላ ነው። ትልልቅ ወረዳዎች ከመጀመሪያው ለሁለት ተከፍለው 1 እና 2 እየተባሉ ምርጫ ክልል ሆነዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2013 የተወዳደሩበት በጅማ ዞን ያለው «ጎማ 2» እንዲህ ያለ ስም ነው። በኋላ አንድ ወረዳ ተቆርሶ አዲስ ወረዳ ሲወለድ አዲሱ ወረዳ የራሱ ምርጫ ክልል አያገኝም፤ ቀበሌዎቹ በነበሩበት ይቆያሉ። «ወረዳ ሆነናል፣ ተወካይ ይሰጠን» የሚለው ጥያቄ በየምርጫው የሚነሣው ከዚህ ነው። ወረዳ መሆን በክልሉ ምክር ቤት ውሳኔ ይገኛል፤ የፓርላማ ወንበር ግን በዚያ መንገድ አይመጣም።

ክልል ሲከፈልም ወንበሩ አይበዛም። ሲዳማ በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ ክልል ሲሆን ከደቡብ 123 ወንበሮች 19ኙን ይዞ ወጣ፤ ለደቡብ 104 ቀረ። የደቡብ ምዕራብ ክልል በ2014፣ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች በ2015 መጨረሻ ሲመሠረቱም የተካፈሉት ያንኑ 104 ነው። በክልል ምክር ቤት ደረጃ ግን ነገሩ ይለያል፤ ከአንድ ምርጫ ክልል ከአንድ በላይ የክልል ምክር ቤት አባላት ይመረጣሉ። ለምሳሌ የኦሮሚያ ምክር ቤት፣ ጨፌው፣ 537 መቀመጫ ሲኖረው የፓርላማ ምርጫ ክልሎቹ 178 ናቸው። መራጩ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ሁለት ክልሎች የሚወዛገቡበት መሬት ላይ ምርጫ ክልሉ ዋና ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል፤ «እዚህ የመረጥነው በዚህ ክልል ሥር ነው» ይባላል። በ2013 በአፋርና በሶማሌ መካከል ባሉ 8 አወዛጋቢ ቀበሌዎች ምርጫ ጣቢያ ይቋቋም አይቋቋም የሚለው ጉዳይ ቦርዱን ያስጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ምርጫ ጣቢያ ማቋቋም የወሰን ውሳኔ አይደለም፤ በሕግም የወሰን ጥያቄ የሚዳኘው በሌላ መንገድ ነው። መሬት ላይ ያሉ ሰዎች ግን እንደ ውሳኔ ያዩታል፤ ይህን ሳያስቡ ጣቢያ መክፈትም መዝጋትም ግጭት ይጭራል። ሐረሪ ላይ ደግሞ መስመር ጭራሽ የሌለው ምርጫ አለ። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ ለእነርሱ ከክልሉ ውጪ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጣሉ። ቦርዱ በ2013 ይህን አልቀበልም ቢልም ጉዳዩ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ለሐረሪዎች ተፈረደላቸው።

ለመራጩ ተግባራዊው ነገር ይህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል፤ የሚቆጠረው በወረዳው ወይም በከተማው መኖር አይደለም። በአንድ ከተማ ውስጥ ቤት የቀየረ ሰው ሰፈሩ ሳይርቅ ምርጫ ክልሉ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ሲመዘገቡ በመራጭ ካርዱ ላይ ሦስቱን ለይተው ይመልከቱ፦ የምርጫ ክልሉን ስም ከነቁጥሩ፣ የምርጫ ጣቢያውን ስምና መለያ ቁጥር፣ ቀበሌውን። «1» እና «2» መሳሳት በስም መመሳሰል ምክንያት በቀላሉ የሚደርስ ነው፤ የሚታረመውም ምዝገባው ሳይዘጋ፣ መዝገቡ ለሕዝብ ይፋ በሚሆንበት ጊዜ ነው።

ዕጩ የሚያቀርብ ፓርቲ ወይም የግል ተወዳዳሪ ደግሞ ከሁሉ በፊት በምርጫ ክልሉ ሥር ያሉትን ጣቢያዎች ዝርዝር ከቦርዱ ወስዶ ከአሁኑ የወረዳ ካርታ ጋር ቀበሌ በቀበሌ ያመሳክር። የወረዳውን ካርታ ብቻ ይዞ የሚቀሰቅስ ሰው ድምፅ ሊሰጠው በማይችል ሕዝብ መካከል ጊዜውን ይጨርሳል፤ ሊመርጡት የሚችሉትን ሦስትና አራት ቀበሌዎች ደግሞ ማዶ ወረዳ ስለሆኑ ብቻ ሳይደርስባቸው ይቀራል። ለታዛቢም ያው ነው፤ የጣቢያ ውጤቶችን የሚደምረው በምርጫ ክልሉ ዝርዝር ነው፤ በወረዳ ቢደምር ድምሩ ከይፋዊው ውጤት ጋር አይገጥምም፣ ያልተፈጸመ ስርቆትም የተፈጸመ ይመስላል።